ጠጅ ሳር በአረቄ ማውጫ ይወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጠጅ ሳር በእርከኑ ጫፍ ተክዬ አፈሩን ይዞልኛል፤ ለሻይም እንጠቀምበታለን። አሁን ዘይቱ በውድ ዋጋ ይሸጣል ሲባል ሰማሁ። እቤታችን አረቄ የሚወጣበት ጋንና መቃ አለ። በዚያው ዕቃ ማውጣት ይቻላል? ጎረቤቴ ደግሞ ዘይቱ ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል አለኝ፤ እውነት ነው?» አርሶ አደር፣ ከሲዳማ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አረቄ ማውጣት የሚያውቅ ቤት የዚህን ሥራ ግማሽ ያውቃል። እሳቱም፣ እንፋሎቱም፣ ማቀዝቀዣ ውሃውም ያው ነው። ጋኑን ግን ለአረቄው ይተዉት። ሸክላ ዘይቱን ይጠጣል፤ የጌሾና የብቅል ሽታውም በቀላሉ አይለቅም። ዘይት ገዢ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ማሽተት ነው።

የጠጅ ሳር ሽታ በዋናነት የሚመጣው ሲትራል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሲትራል ለብቻው እስኪፈላ ከጠበቁት ሙቀቱ 229 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት፤ ቅጠሉ እዚያ ሳይደርስ ይከስላል። ከውሃ እንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ከ100 ዲግሪ በታች አብሮ ይተናል። ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግፊት ያዋጣሉ፤ ድምሩ የአየሩን ግፊት ሲያክል አብረው ይፈላሉ። ከአረቄ የሚለየውም ወደ ታች ሲወርድ ነው። አልኮል ከውሃው ጋር ተዋህዶ ይወርዳል፤ ዘይቱ ግን ራሱን ለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል።

ዕቃው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ተራ ብረት ዝገቱ የዘይቱን ቀለም ያበላሸዋል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም። ከታች ውሃ ይሞላል፤ ከውሃው ከፍ ብሎ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይቀመጣል፤ ቅጠሉ የሚጫነው በወንፊቱ ላይ ነው። ውሃው ውስጥ የተነከረ ቅጠል ከታች ይይዝና ዘይቱ የተቃጠለ ሽታ ይዞ ይወጣል። ሲጭኑ እኩል አድርገው ጠቅጠቅ ያድርጉት። አንድ ጥግ ከሳሳ እንፋሎቱ በዚያ በኩል ሾልኮ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። የክዳኑን ዙሪያ እንደ አረቄው በሊጥ መምረግ ይቻላል። መውጫ ቱቦውን ግን ምንም ነገር እንዳይዘጋው፤ ቱቦው የታፈነ ድስት ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ማቀዝቀዣው ነው። ቱቦው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተጠማዝዞ ያልፋል፤ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ካልተቀየረ ዘይቱ በአየር ይሄዳል። ከቱቦው ጫፍ የሚወርደውን በጣትዎ ይንኩት። ትኩስ ከሆነ፣ ቤቱም በዘይቱ መዓዛ ከታወደ፣ ያ የሚሸቱት ገንዘብዎ ነው። እሳቱን ይቀንሱ፣ ውሃውንም ይለውጡ። ደህና ሲሆን ጠብታው ወተት የተቀላቀለበት ውሃ መስሎ ይወርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ከላዩ ቢጫ ዘይት ይሰበስባል። መቀበያው ከታች በኩል ወደ ላይ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ቢኖረው ውሃው በዚያ ይፈስሳል፣ ዘይቱ አንገቱ ላይ ይቀራል። አብዛኛው ዘይት በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነደው እንጨት ወጪውን እምብዛም አይመልስም።

አጨዳውን በተመለከተ፣ ከተተከለ ከ4 እስከ 6 ወር የመጀመሪያው ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዝናቡ በየ2 ወይም በየ3 ወሩ ይታጨዳል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ትተው ይጨዱ። ከዚህ ዝቅ ብሎ የታጨደ ሳር እንደገና ለማቆጥቆጥ ይቸገራል። እርከኑን የያዘልዎት ሥሩ ስለሆነ ጉቶውን አይጉዱት። የታጨደውን ጥላ ውስጥ ዘርግተው እስከ አንድ ቀን ቢያጠወልጉት ውሃው ይቀንስና ድስቱ ብዙ ይይዛል። ክምር ውስጥ እርጥብ ሆኖ ካደረ ግን ይሞቃል፣ ይሻግታል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ከአንድ ኩንታል እርጥብ ጠጅ ሳር የሚገኘው ዘይት ከ200 እስከ 500 ግራም ቢሆን ነው። «ውድ ነው» የተባለው ለዚህ ነው። በእርከን ጫፍ ያለው ሳር ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ድስት መግዣ አያወጣም ብዬ በግልጽ ልንገርዎ። ከጎረቤቶችዎ ጋር በማኅበር አንድ ማውጫ ብታቆሙ ሌላ ነው። እንዲያውም ሰፈራችሁ ነጭ ባህር ዛፍ ለአጠና የሚቆረጥበት ከሆነ እኔ በእሱ ብትጀምሩ እመርጣለሁ። ቅጠሉ ጫካው ውስጥ ወድቆ የሚቀር ነው፤ ከኩንታሉም አንድ ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘይት ይገኛል። ቀይ ባህር ዛፍ ግን የዘይቱ ጥራት ስለሚዋዥቅ ከነጩ ጋር አትቀላቅሉት። ዘይቱ የወጣለት ቅጠል ደርቆ ለሚቀጥለው ዙር ማገዶ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ገዢ ይፈልጉ። ሳሙናና ሽቶ የሚሠሩ ገዢዎች ዘይቱን በላቦራቶሪ ያስመረምራሉ፤ የጠጅ ሳር ዘይት ሲትራሉ ከመቶ 70 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን ነው የሚጠብቁት። ስለ ዝርያውም ሆነ ስለ ማውጫው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልን ይጠይቁ፤ በመዓዛማ ተክሎች ላይ የሚሠራ ነው፣ ለእናንተም ሩቅ አይደለም። የወጣውን ዘይት ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሞልተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ከፀሐይ ያርቁት። በፕላስቲክ አያስቀምጡት፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

የጎረቤትዎን ምክር ግን አይቀበሉ። ቅጠሉን በሻይ መጠጣት ሌላ፣ ዘይቱን መጠጣት ሌላ ነው፤ አንድ ማንኪያ ዘይት የብዙ ኪሎ ቅጠል ጉልበት አለው። ሳይቀጠን ቆዳ ላይም አይቀባም፣ ዓይን ያቃጥላል። በተለይ የባህር ዛፉ ዘይት ሕፃን ልጅ ጥቂት ቢውጠው እንኳ ለሕይወቱ ያሰጋል። ጠርሙሱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት።