መልስ፦ የአባትዎን ግንባር ይመልከቱ
አባትዎ በረንዳ ላይ አድረው አፋቸው ተጣሞ ስለተነሡ «ምች ነው ወይስ ስትሮክ?» ብለዋል። ቅንድባቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ ይንገሯቸው። በተጣመመው ወገን ግንባራቸው ካልተጨማደደ፣ ዓይናቸውም ካልተከደነ፣ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ግንባራቸው እንደወትሮው ከተጨማደደ ግን ስትሮክ ይጠርጥሩ፤ የላይኛው ፊት ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚቀበል ይተርፋል። እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተያዘ ግንባር ማየቱን ትተው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

ነርቩ ቢመስልዎትም ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩ፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የነርቩን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ይህ የነርቭ ሕመም እኔን የያዘኝ ጊዜ ስለ አፌ ስጨነቅ ዓይኔን ረሳሁት። የድሬዳዋ አቧራ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥርም አይምርም፤ ዓይኔ ሳይከደን እያደረ ቆሰለ። ቀን ሰው ሠራሽ እንባ ያድርጉላቸው፤ ማታ የዓይናቸውን ቆብ ገጥመው በፕላስተር ይዝጉላቸው።