ካርቦንን ከምድር በታች የማከማቸት ሲሙሌሽን ሥልጠና፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የኬሚካል ምህንድስና ተመራቂ ነኝ። ስለ ከርሰ ምድር ግን የተማርኩት የለም። ልጀምረው እችላለሁ?

መልስ፦ እንዴታ! ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከጭስ ለይቶ የማውጣቱ ወገን የእርስዎው ሙያ ነው፤ የኬሚካል ሂደትን የሚያሰላው ሶፍትዌር፣ አስፐን ፕላስ፣ አለልዎት። ወደ ከርሰ ምድሩ ከተሳቡ ግን ፈሳሽ በአለት ቀዳዳዎች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚያስረዳውን የዳርሲን ሕግ በእርሳስና በወረቀት ሳይሠሩ ሶፍትዌር አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌሩ ውድ ነው ይባላል።

መልስ፦ የከርሰ ምድር ፍሰትን የሚያሰላው ኦፒኤም ፍሎው በነጻ ይገኛል። የኖርዌዩ የምርምር ተቋም ሲንቴፍ ያዘጋጀውና በማትላብ የሚሠራው ኤምአርኤስቲም እንዲሁ። ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ ስሌቱን ውስጡ ገብተው ያዩታል። ለተማሪ ከውዱ ይልቅ እነዚህ ይሻላሉ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋዙ ስለሚከማችበት ጥልቀት ሁሉም «ከ800 ሜትር በታች» የሚሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ74 ባር ገደማ ሲያልፍ እንደ ፈሳሽ እፍግ ይላል፤ ብዙ ቶን በጥቂት ቦታ ይከተታል። በዚያ ጥልቀት ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ይሟላሉ።

ጥያቄ፦ በሞዴሌ ጋዙ ወደ ላይ እንዳያመልጥ ከሚዘጋው ከክዳን አለቱ ሥር ብዙም አይርቅም፤ ግፊቱም እምብዛም አይጨምርም። ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

መልስ፦ እኔ እጠረጥረው ነበር። የግሪድዎ ሕዋስ፣ ማለትም ሞዴሉ አለቱን የሚከፋፍልበት ትንሽ ሳጥን፣ ቁመቱ ስንት ነው? ጋዙ በአለቱ ውስጥ ካለው ጨዋማ ውሃ ስለሚቀል ከክዳኑ ሥር በስሱ ተነጥፎ ርቆ ይሄዳል። ሕዋሱ 10 ሜትር ከሆነ ግን ሞዴሉ ያንን ስስ ንጣፍ በ10 ሜትሩ ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ሩቅ መድረስ የነበረበት ጋዝ ቅርብ የቆመ ይመስላል። የላይኞቹን ንብርብሮች ወደ አንድ ሜትር አሳንሰው እንደገና ያስሉት።

ለግፊቱ ደግሞ የሞዴሉን ጠርዝ ይመርምሩ። ዳሩን ክፍት ካደረጉት ውሃው እንደ ልቡ ይወጣል፤ ግፊት ከየት ይምጣ? በኖርዌይ ስኖቪት የጋዝ መስክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስገባት የተጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነበር። ቱባየን በተባለው አለት ግፊቱ ከተጠበቀው ፈጥኖ ስለጨመረ በ2011 እ.ኤ.አ. ጋዙ ወደ ሌላ አለት እንዲዞር ተደረገ። ግፊት የማይጨምርበት ሞዴል እንዲህ ያለውን ችግር አስቀድሞ አያሳይዎትም።

ጥያቄ፦ ለልምምድ የሚሆን እውነተኛ መረጃ አለ?

መልስ፦ የኖርዌዩ የጋዝ መስክ ስላይፕነር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ባሕር ሥር፣ ኡትሲራ በተባለው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲገባ ነበር፤ የሞዴል መረጃውም ለሕዝብ ክፍት ነው። በድምፅ ሞገድ የተነሳውን የከርሰ ምድሩን (ሴይስሚክ) ምስል ከማየትዎ በፊት የራስዎን ስሌት ይጨርሱ፤ አይቶ ማስተካከል ለሁሉም ይቀላል። በአሸዋው መሀል ያሉት ስስ የሸክላ ንብርብሮች ጋዙን ደርብ በደርብ ያቆዩታል። እነሱን የዘነጋ ሞዴል ጋዙን በቀጥታ ወደ ላይ ይሰደዋል።

ጥያቄ፦ ጋዙ ወደ ማዕድን ሲለወጥ እንዲያሳይ ኬሚስትሪውንም ላስገባ?

መልስ፦ አለቱ አሸዋ ድንጋይ ከሆነ ለጊዜው ይተዉት፤ ለውጡ በመቶዎችና በሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ነው፣ ስሌቱም ይንቀራፈፋል። ከእሳተ ገሞራ በሚፈጠረው ጥቁር አለት፣ በባዛልት፣ ግን አይተውም። በአይስላንዱ የካርብፊክስ ሙከራ በውሃ ሟሙቶ ከገባው ጋዝ ከ95 በመቶ በላዩ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ማዕድን ተለውጧል።