ፊደል ቆጣሪው «ጎንደር» ላይ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ሁለት ቃላት በአንድ ዓይነት ፊደላት መሠራታቸውን የሚለይ ፕሮግራም በፓይዘን ቋንቋ ጽፌያለሁ። 26 ቦታ ያለው ዝርዝር ይዤ፣ ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል ከያዘው ቁጥር ላይ የትንሿን «ኤ» ቁጥር እየቀነስኩ እቆጥራለሁ። በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ «ጎንደር» ስሰጠው ግን ይቋረጣል። ጓደኛዬ «የፊደላቱን ቁጥር ደምረህ ድምሩን ብቻ አወዳድር» ይለኛል። ያዋጣል?
ተማሪ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ አያዋጣም። «ሰማ» እና «ሳመ»ን ይውሰዱ። በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሰ 4656፣ ማ 4635 ነው፤ ድምሩ 9291። ሳ 4659፣ መ 4632፤ ይኸም 9291። አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም፣ ድምራቸው ግን እኩል ነው። ግዕዝና ራብዕ በየቤቱ በ3 ስለሚራራቁ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በአማርኛ ብርቅ አይደለም።

የእርስዎ ኮድ የቆመው የ«ጎ» ቁጥር 4878 ስለሆነ ነው፤ የትንሿ «ኤ» ቁጥር 97 ሲቀነስ 4781 ይሆናል፣ 26 ቦታ ባለው ዝርዝር ውስጥ ይህ የለም። መቆሙስ ደግ፤ የሚያሠጋው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። የከተማውን ስም በእንግሊዝኛ በትልቁ «ጂ» ቢጽፉት ከቁጥሯ ከ71 ላይ 97 ሲቀነስ −26 ይመጣል። ፓይዘን አሉታዊ ቁጥርን ከዝርዝሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ስለሚቆጥር የመጀመሪያው ቦታ ላይ ያርፍና «ጂ»ን «ኤ» ብሎ ይመዘግባል። እንግሊዝኛውም እንግዲህ ትንንሽ ፊደላት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ሰሌዳ ከ4608 እስከ 4991 ድረስ 384 ቦታ ይዟል። 384 ዜሮ ያለው ዝርዝር ያዘጋጁና 4608 ይቀንሱ፤ «ጎ» 270 ላይ ትገባለች። መጀመሪያ የቃላቱን ርዝመት ያወዳድሩ፤ ካልተካከሉ እዚያው ያብቃ። ከዚያ ለመጀመሪያው ቃል ፊደላት አንድ አንድ ይጨምሩ፣ ለሁለተኛው ይቀንሱ። ከዜሮ በታች የወረደ ቦታ ከተገኘ መልሱ «አይደለም» ነው፤ ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ምንም ካልወረደ «ነው»። «መጣ» እና «ጣመ» ያልፋሉ። እንግሊዝኛና አማርኛ የሚደባለቅ ከሆነ ግን ከዝርዝር ይልቅ ዲክሽነሪ (ቦታውን በቁጥር ሳይሆን በፊደሉ በራሱ የሚያገኝ መያዣ) ይጠቀሙ። ቃላቱን ከፋይል የሚያነቡ ከሆነ በየመስመሩ መጨረሻ ያለውን የመስመር መስበሪያ ምልክት ይቁረጡ፤ ቁጥሩ 10 ነው፣ እንደ ፊደል ይቆጠራል። በሲ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በባይት በሚቀመጡበት አጻጻፍ) አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ጎንደር» 12 ሆኖ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ «ጎንደር» እና «ጐንደር» ለምን አይተካከሉልኝም?

መልስ፦ ጎ 4878፣ ጐ 4880 ስለሆነ ነው። ከመቁጠርዎ በፊት ጐን በጎ፣ ቈን በቆ፣ ኰን በኮ ይተኩ። ለሞክሼዎቹ (ድምፃቸው አንድ ለሆነው ፊደላት) ቤት ለቤት መቀነስ ይበቃል፦ በሰባቱም ሆሄያት ከሐ ቤት 16፣ ከኀ ቤት 128፣ ከዐ ቤት 48፣ ከፀ ቤት 8 ሲቀንሱ፣ ለሠ ቤት ደግሞ 16 ሲጨምሩ ሀ፣ አ፣ ጸ፣ ሰ ቤት ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ያምጡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሓ እና ዓ ያመልጣሉ። የፕሮግራም ውድድር ጥያቄ ላይ ግን ካልታዘዙ ይህን አይጨምሩ፤ ፈታኙ ሠን እና ሰን የተለያዩ አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል።