ክሎክ አውት ካደረጋችሁ (የሥራ መውጫ ሰዓታችሁን ካስመዘገባችሁ) በኋላ የምትሞሉት ወረቀት

ባለፈው አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። እዚህ አሜሪካ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሆም ኬር ነው የምትሠራው፤ ታማሚዎችን ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱን ቤትሽ ሄደሽ ሙይ አሉኝ። ሰዓቱን ግን አይቆጥሩልኝም።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ያስቀይማል ብዬ።»

ያስቀይማል! እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ እያልኩ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

1. ሕጉ

በሰዓት የሚከፈላችሁ ከሆነ ለአሠሪው የምትሞሉት ወረቀት ሥራ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 የወጣ ፌር ሌበር ስታንዳርድስ አክት የሚባል ሕግ አለ። አሠሪው እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው ዝም ብሎ ያሠራችሁን ሰዓት ይከፍላል። ቢሮ ሞላችሁት፣ ሶፋ ላይ ሞላችሁት፣ ለውጥ የለውም። በሳምንት ከ40 ሰዓት ያለፈው፣ ኦቨርታይም የሚሉት፣ ደግሞ በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል። «ኦቨርታይም ክልክል ነው» ማለት ይችላሉ፤ የሠራችሁትን አልከፍልም ማለት ግን አይችሉም። ከኦቨርታይም ውጭ የሆኑ የወር ደመወዝተኞች፣ አንዳንድ የሆም ኬር ሠራተኞችና በራሳቸው ስም የሚሠሩ እውነተኛ ኮንትራክተሮች ሕጋቸው ሌላ ነው። «ኮንትራክተር ነሽ» ስለተባለ ብቻ ግን ኮንትራክተር አይኮንም።

2. ደብተር

አንድ ትንሽ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ የጀመራችሁበትን ሰዓት፣ የጨረሳችሁበትን፣ የሞላችሁትን የወረቀት ዓይነት ጻፉ። የታማሚውን ስም ግን እንዳትጽፉ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «አልሞላም» ብላችሁ አትጣሉ። ሥራውን ሥሩና ለሱፐርቫይዘራችሁ በጽሑፍ ላኩ፦ «ትናንት ማታ ሪፖርቱ 40 ደቂቃ ወስዶብኛል። ሰዓቱን የት ልመዝግበው?» በቃ። ስድብ የለው፣ ክስ የለው።

3. እምቢ ካሉ

የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ውስጥ የደመወዝና የሥራ ሰዓት አቤቱታ የሚያይ ዌጅ ኤንድ አወር ዲቪዥን የሚባል ክፍል አለ፤ ስልኩ 1-866-487-9243 ነው። የመኖሪያ ወረቀት አለሽ ወይ ብለው አይጠይቁም። አቤት በማለታችሁ ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ወደኋላ የሚጠየቀው ሁለት ዓመት ነው፤ አሠሪው ሆን ብሎ ከሆነ ሦስት። ዝም ባላችሁ ቁጥር ከኋላ አንድ ሳምንት እየተቆረጠ ይሄዳል።

4. ይሉኝታ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከላይ ያለውን ማንም ይነግራችኋል። የኛ ሰው የሚሸነፈው በይሉኝታ ነው። «ሥራ ሰጡኝ፣ እንዴት ስለ ደቂቃ እጠይቃለሁ?» እንላለን። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ከአፋችን አንለይም፤ አለቃ ፊት ስንቆም ግን አንገታችንን ደፍተን «ኦኬ፣ ኦኬ» ነው።

እኔ በየምሽቱ 40 ደቂቃ እሞላ ነበር። በሳምንት አምስት ቀን። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ዓመቱን በ50 ሳምንት ብታስቡት፣ በስድስት ዓመት አንድ ሺህ ሰዓት ይሆናል። አንድ ሺህ! ገንዘቡስ ይቅር። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። የፊደል ገበታዋን ይዛ እኔ ወረቀት የዘረጋሁበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። «ይቺ ማን ናት?» ትለኛለች፣ በጣቷ «ጸ»ን እያሳየች። «ቆይ፣ ይሄን ልጨርስ።» አንድ ማታ ቀና ስል ጉንጯን ገበታው ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል። አንስቼ አስተኛኋትና ተመልሼ ገጽ ሦስትን ሞላሁ። ገጽ ሦስትን! ማን እንዳነበበው እንጃ።

ከጊዜ በኋላ ገበታውን ይዛ መምጣት ተወች። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አሁን ኮሌጅ ናት። አያቷ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ትልና ስልኩን ለኔ ታቀብላለች። በእናቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ እቆማለሁ። እናቴ የምትቀልደውን ቀልድ ስተረጉመው ቀልድነቱ ይጠፋል፤ ልጄ ግን ለእኔ ብላ ትስቃለች።

ያቺ ልጅ ትናንት መልሳ ደወለች። መልእክቱን ልካው ነበር። ሱፐርቫይዘሯ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ታይምሺትሽ (የሰዓት መመዝገቢያሽ) ላይ ጨምሪው» ብላ መለሰችላት። ደስታዋን ብታዩ!

«ያለፈውስ አራት ወር?» አልኳት።

ዝም አለች።

«ያስቀይማል እንዳትይኝ ብቻ» አልኳት።