ግድግዳው ለምን ተጋደመ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። ፒያሳ የሚገኘውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለክፍል ሥራ በስልኬ ሳነሳው ግድግዳው ወደ ኋላ የተጋደመ ይመስላል፤ ሰማዩም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ካሜራ ልግዛ ይሆን?
የስድስት ኪሎ አንባቢ

መልስ፦ ገንዘብህን አስቀምጥ። ግድግዳው የተጋደመው ስልኩን ወደ ላይ ስላንጋጠጥኸው ነው። ስልኩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግድግዳውም ቀጥ ይላል። ጫፉ ከተቆረጠብህ ወደ ኋላ ሽሽ፤ መሸሻ ካጣህ ከፍታ ፈልግ። ፒያሳ ውስጥ ማኪያቶ አዝዘህ የምትቀመጥበት የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ከውድ ሌንስ ይበልጣል። የስልኩ ሰፊ ማዕዘን እንዳያታልልህ፤ ዳር ላይ ያለውን ዓምድ እንደ ማስቲካ ይለጥጠዋል።

ሰማዩ የነጣው ስልኩ ጥላ ውስጥ ያለውን ግድግዳ ለማሳየት ሲታገል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ በእነዚህ ወራት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያገኝም። በክረምት ተራው ሲደርስ ደግሞ ደመናው ይቀድመዋል! እንዲህ ላለው ገጽ ምሽትን ጠብቅ። የሰማዩ ሰማያዊና የሕንፃው መብራት የሚመጣጠኑት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በኅዳር ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቦታህን ይዘህ ጠብቅ።

ያልጠየቅኸኝንም ልጨምር። ሰው የሌለበት የሕንፃ ፎቶ አልወድም። መታሰቢያው የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ባዶውን ብዙ ጊዜ አይተነዋል። የካቲት 23 ጠዋት ሂድ። ነጭ ለብሰው፣ ጋሻ አንግበው የሚመጡ አባቶች በግድግዳው ሥር ሲያልፉ የሕንፃውን ቁመት ያለ ሜትር ታውቀዋለህ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውን ጎረቤቱን ማዘጋጃ ቤትም በአንድ ፍሬም አስገባው፤ የ1950ዎቹ ዘመናዊነት ከአዲሱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ወይም እንደሚኮራረፍ፣ መምህርህ ይፍረድ።

ትሪፖድ ስትዘረጋ ጥበቃ መምጣቱ አይቀርም። ከትምህርት ክፍልህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፈህ ለአስተዳደሩ አስቀድመህ አስገባ፤ ቅጂውንም ከኪስህ አትለይ።