መርፌውን በትንሽ በትንሹ ልቀንስ ወይስ ቀጥ ላድርገው ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 8 ወር ሙሉ በየሳምንቱ 250 ሚሊ ግራም ቴስቶስቴሮን ኢናንቴት (የወንድ ሆርሞን መርፌ) ስትወጋ ከርመህ ልትተው ስትል ሰውነትህ ዛለ፣ ሆድም ባሰህ። አብሽር፣ እኔም እዚሁ ጅማ 14 ወር ወግቼ ነው የተውኩት። ሐኪም አይደለሁም፣ የደረሰብኝን ልንገርህ።

መጠን መቀነስ ብቻውን የራስህን ሆርሞን አይቀሰቅስም። ከውጭ የሚገባው እስካለ ድረስ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ «በቂ አለ» ብላ ለዘር ፍሬህ የምትልከውን ትእዛዝ ታቋርጣለች። ፍሬው ያንሳል፣ ስፐርምም ይመናመናል (ልጅ የምታስብ ከሆነ ይቺን አትለፋት)። እኔን ያየኝ ሐኪም በ6 ሳምንት እየቀነሰ አወረደኝ፤ «ይሄ ስሜትህ ባንዴ እንዳይዘቅጥ ነው፤ ፍሬህ የሚነቃው መርፌው ከደምህ ሲወጣ ነው» አለኝ። ኢናንቴት ደግሞ ካቆምክም በኋላ ለሳምንታት ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። እኔ ባቆምኩ በ10ኛው ቀን «ምንም አልሆንኩም!» ብዬ ጂም ውስጥ ጉራ ነዝቻለሁ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ጉዴ ፈላ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ቡና አፍልታ አቦሉም ቶናውም በረካውም አልፎ፣ እኔ አንድ ጫማዬን ብቻ አስሬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛውን ለማሰር ጉልበት አጣሁ። ስንፍና እንዳይመስልህ፣ ሆርሞን ነው። የፍትወት ስሜት ጭራሽ ጠፋ፣ በረባ ባልረባው እንባ ይመጣብኛል። ለታላቅ እህቴ ነገርኳት፣ ያዳነኝም እሱ ነው። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ነገ አትበል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ።

ትልቁ ስህተቴ ድካሙን በጫት ልሸፍን ማለቴ ነው። እንቅልፌን ነጠቀኝ፤ ቴስቶስቴሮን ደግሞ በብዛት የሚመረተው ተኝተህ ነው። ጫቱን ስተው ቢያንስ ሌሊቱ ሌሊት ሆነ። ብረቱን አልተውኩም፣ ክብደቱን ግን ከ100 ወደ 70 ኪሎ አወረድኩ፤ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገቱን በእግሬ እወጣ ነበር።

አሠልጣኙ «የራስህን ሆርሞን ማስነሻ ነው» ብሎ የሚሸጥልህን ክኒን አትንካ። ለእኔም አንዱ ሊሸጥልኝ ነበር፤ መርፌውን የሸጠልኝ ራሱ! እንዲህ ያለ መድኃኒት ካስፈለገህ ደምህን አይቶ የሚያዝ ሐኪም ይስጥህ። አንድ ነገር ደግሞ፦ መርፌውን ሐኪም ለሕመም ያዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም።

ምርመራውን ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳትቀምስ ስጥ። ቴስቶስቴሮን፣ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች (ፒቱታሪ ለፍሬህ የምትልካቸው ትእዛዝ ሆርሞኖች)፣ የደም ቆጠራም ጨምር፤ መርፌው ደም ያወፍራል፣ ሄማቶክሪት (በደምህ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ አደጋ ነው። የኔ ቴስቶስቴሮን በ3ኛው ወር ገና ዝቅተኛ ነበር፣ በ7ኛው ወር ነው የተስተካከለው። አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስትሄድ የመጨረሻውን መርፌ ቀን ጽፈህ ያዝ፤ እኔ ሳልይዝ ሄጄ የመጀመሪያው ምርመራ ከንቱ ቀረ፣ ቁጥሩ የኔ ይሁን የመርፌው ማን ይለየው።