ቪዲዮዬ ላይ የሚቆመው ሐምራዊ መስመር ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጎንደር ልጅ ነኝ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ አንዲት ትንሽ የኪስ ካሜራ አለችኝ። ፎቶዋ እንከን የለውም። ቪዲዮ ስቀርጽባት ግን ፀሐይ ወይም የባጃጅ መብራት ፊት ለፊት ከገባ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነጭ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ መስመር ይሠራብኛል። ጥምቀትን ከፋሲለደስ መዋኛ የቀረጽሁት ቪዲዮ በመስመር ተሞልቷል። ጥገና ቤት ብወስዳት «ሴንሰሩ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት» አሉኝ። የጠየቁኝ ብር ደግሞ ሌላ ካሜራ ይገዛል። ላስቀይረው ወይስ ይቅርብኝ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ኧረ ብርህን ያዝ! ካሜራህ አልተበላሸችም፣ ሴንሰሯም፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍሏ፣ አልተቃጠለም። ፎቶዋ ደህና ነው ስትል የመልሱን ግማሽ ራስህ ነግረኸናል። የተቃጠለ ሴንሰር ቪዲዮውን አበላሽቶ ፎቶውን አይምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆየት ያሉት የኪስ ካሜራዎች አብዛኞቹ ሲሲዲ የሚባል ሴንሰር ነው ያላቸው። ሲሲዲን እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ የሚሠሩ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ፈለሰፉት፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል አሸልሟቸዋል። ይህ ሴንሰር ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለውጠዋል። ከዚያ ቻርጁ ከፒክሰሎቹ (ብርሃኑን ከሚቀበሉት ጥቃቅን ነጥቦች) ጎን ባለ ቀጭን መተላለፊያ ደረጃ በደረጃ ይወርድና ዳር ላይ ሲደርስ ይነበባል። መተላለፊያው ብርሃን እንዳይገባበት ተሸፍኗል፣ ግን ሽፋኑ መቶ በመቶ አይደለም። ብርሃኑ በጣም ኃይለኛ ሲሆን ሾልኮ ይገባል።

ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ ውኃ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ አስብ። መሃል ላይ ጣሪያው ያፈሳል። በዚያ ስር ያለፈ ባልዲ ሁሉ ጠብታ ይጨመርበታል። የባጃጁ መብራት ያች የምታፈስ ቦታ ናት፤ በሷ በኩል ያለፈ ሁሉ የራሱ ያልሆነ ብርሃን ይዞ ይወጣል፣ እሱ ነው መስመር ሆኖ የሚታይህ። መስመሩ ከመብራቱ በላይም በታችም የሚሆነው፣ የፊተኛው ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ) ሲወጣ ባዶዎቹ ባልዲዎችም ተከታትለው በዚያው ስር ስለሚያልፉ ነው። ሐምራዊ የሚሆነው ደግሞ ካሜራው ነጩን ነጭ ለማድረግ ቀዩንና ሰማያዊውን ከአረንጓዴው አብልጦ ስለሚያጎላ ነው።

ፎቶ ላይስ ለምን የለም? ፎቶ ስታነሳ ካሜራዋ ሹተሯን፣ ማለትም የብርሃን መዝጊያዋን፣ ትዘጋና ጨለማ ውስጥ ሆና ነው ቻርጁን የምታወርደው። ቪዲዮ ላይ ግን በሰከንድ 30 ፍሬም ማንበብ ስላለባት ሹተሩ እንደተከፈተ ይቆያል። ልብ ብለህ ከሆነ ፎቶ ልታነሳ ስታነጣጥርም ስክሪኑ ላይ መስመሩ አለ፣ ቁልፉን ከተጫንህ በኋላ ፎቶው ላይ ግን የለም።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ማታ የመንገድ መብራት ላይ አነጣጥርና እየቀረጽህ ካሜራዋን ወደ ጎን አጋድማት። መስመሩ አብሯት ከተጋደመ ያልነው ነው። ሌንስ ላይ ያለ የጣት ቅባትም መብራት ሲያገኝ ጭረት ይሠራል፣ እሱ ግን ከመብራቱ እየራቀ ሲሄድ ይደበዝዛል፣ ፎቶ ላይም ይወጣል። በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። (በነጠላ ጫፍ የምትጠርጉ አላችሁ፣ እናውቃችኋለን።) ሌንሱን በእጅህ ሸፍነኸው እንኳ የማይጠፋ መስመር ካለ ግን እሱ እውነተኛ ብልሽት ነው። ያኔ ጥገና ቤቱን እናምናለን።

አሁን ወደ መፍትሔው። ዋናው መፍትሔ አቋቋም ነው። ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ። ካልተቻለ አንድ ነገር ይጋርድልህ፤ መዋኛው ዙሪያ አጥሩን በሥራቸው ያቀፉት ትልልቅ ዛፎች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ፣ ከአንዱ ግንድ ጀርባ ፀሐይዋን ደብቃት። ውኃው ላይ የምታንጸባርቀዋም ፀሐይ ያው ፀሐይ ናት፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስትል ነጸብራቁ ከፍሬም ይወጣል። ሙሽሮችን ፋሲል ግቢ ወስደህ ስትቀርጽም ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ እስክትገባ ጠብቅ፣ ሚዜዎቹ ቢያጉረመርሙም።

ሌላው ዘዴ ቀን ላይ ነው የሚሠራው። ብርሃን ሲበዛ ካሜራዋ ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የምትሰበስብበትን ጊዜ ታሳጥራለች። ቻርጁ የሚወርድበት ጊዜ ግን አያጥርም። ስለዚህ ምስሉ ራሱ የሰበሰበው ብርሃን ያንሳል፣ ሾልኮ የገባው በአንጻሩ ይገናል። ሌንሱ ፊት ጠቆር ያለ ፊልተር ብታደርግ መስመሩ ይቀንሳል። ፊልተር ከሌለ የፀሐይ መነጽርም ይሞከራል፣ ቀለሙን ትንሽ ቢያዛባም። ማታ ይሄ አይሠራም። ማታ የሚያዋጣው የምትቀርጻቸው ሰዎች ላይ መብራት መጨመር ነው፤ እነሱ ሲደምቁ ካሜራዋ ጨለማውን ለማጉላት አትታገልም፣ መስመሩም ይደክማል።

በኋላ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ ብለህ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ካሜራው ከተንቀሳቀሰ መስመሩም ይንቀሳቀሳል፣ እያንዳንዱን ፍሬም ስትለቅም ዓይንህ ይጠፋል። ይልቅ መብራት የሚበዛበትን ቦታ በስልክህ ቅረጽ። የስልክ ሴንሰር ሲሞስ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ቻርጁን እንዲህ ስለማያቀባብል ይህ መስመር የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ቶሎ ካዞርኸው የፋሲል ግንብ ራሱ ዘመም ይልብሃል። ቀስ ብለህ አዙር።

ጥያቄ፦ እኔ ሰርግ እቀርጻለሁ። አዳራሽ ውስጥ የሚሽከረከረው የዲጄ ሌዘር ካሜራ ያቃጥላል ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይስ ወሬ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እውነት ነው። ጨረሩ በቀጥታ ሌንስ ውስጥ ከገባ፣ ሌንሱ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚሰበስበው ሴንሰሩን በቅጽበት ሊጎዳ ይችላል። ሲሲዲ፣ ሲሞስ፣ ውድ ካሜራ፣ ስልክ አይልም። ከላይ ካለው ጥያቄ የሚለየው ይሄ ጉዳት መብራቱ ሲጠፋም አይጠፋም፤ ነጥቡ ወይም መስመሩ ፎቶም ላይ ቪዲዮም ላይ እዚያው ቦታ ይቀራል፣ መጠገኛውም ሴንሰር መቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርጉ ሳይጀመር ዲጄውን አነጋግረው፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሌዘሩን ወደ ጣሪያ ያዙርልህ። እምቢ ካለ ጨረሩ ወደማይደርስበት ጥግ ሂድና ከዚያ ሆነህ ቅረጽ።